በዝርዝሩ ያልተጻፈው ኮት

ልጄ ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራውን ሥራ ለእኔ ማስረዳት ስትጀምር ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ጆሮዬ ደኅና ነው። የደከመው ከጆሮዬ ትንሽ ወደ ውስጥ ያለው ዕቃ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ግን አባቷ ነኝና ጥፋቱን ጆሮዬ ላይ ታደርግልኛለች።

ባለፈው ሰሞን እንዲህ አለችኝ። ሊኑክስ የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራሞቹ እንደ ዕቃ በጥቅል በጥቅል ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ጥቅል ለመሠራት የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ በዝርዝር ማስታወቅ አለበት። ታዲያ ሠሪው በራሱ ማሽን ሲሞክረው ይሠራል፤ ሌላ ሰው ዘንድ ሲሄድ እምቢ ይላል። ለምን ቢሉ፣ የሠሪው ማሽን ውስጥ አንድ ቀን ገብቶ የተረሳ፣ በዝርዝሩ ያልተጻፈ ነገር አለ፤ ጥቅሉ እሱን እየተደገፈ ነው የቆመው። ስለዚህ እሷ የምታዘው ማሽን ማንም ሳይነግረው በራሱ ባዶ ክፍል ያዘጋጃል፣ በዝርዝሩ ያለውን ብቻ ያስገባል፣ እዚያ ውስጥ ይሠራዋል። ካልተሠራ ዝርዝሩ ጎድሏል ማለት ነው።

"ገባህ አባዬ?" አለችኝ።

"ይህንን እኮ እኔ ደብረ ብርሃን በከሰል ቤት ሠርቼዋለሁ" አልኳት።

ግንባሬን በእጅዋ ዳሰሰችው፤ ትኩሳት መስሏት። እንግዲህ ትኩሳት አለመሆኑን እዚህ ልጻፈው።

በደርግ ዘመን ነው። ደብረ ብርሃን ዳር፣ ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ላይ አንድ የእንጨትና የብረት ወርክሾፕ ነበር። እኔ እዚያ ካፖ ነበርኩ። ካፖ ማለት ራሱ የማይሠራ፣ ሌላው ሲሠራ ግን አጠገቡ ቆሞ የሚያስል ሰው ነው። ሳል ደግሞ በዚያ ብርድ አላጣሁም።

ከምንሠራቸው ነገሮች አንዱ በእግር እየተረገጠ የበግ ጠጉር የሚፈትል መሣሪያ ነበር። መርገጫ አለው፣ ትልቅ መንኮራኩር አለው፣ ትንሽ የብረት እንዝርት አለው። መንኮራኩሩንና እንዝርቱን የሚያገናኛቸው ሲባጎ ነው። ሴትየዋ መርገጫውን ስትረግጥ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ሲባጎው እንዝርቱን ያበራዋል፣ ጠጉሩ ክር ይሆናል። በቃ ይኸው ነው። ለሴቶች ማኅበራት የሚላከው ተፈታትቶ በሣጥን ነበር፤ ከውስጡ አንድ ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ ላይ ስድስት ተራ ቁጥር አለ፤ በሣጥኑ ውስጥ ምን ምን እንዳለና እንዴት እንደሚገጣጠም።

ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲያምር! ከመሣሪያው ይልቅ የምኮራው በወረቀቱ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው፤ እንግዳው የሚፈልገው ሽንት ቤቱን ቢሆንም እንኳ።

ከላክናቸው ሣጥኖች አንዱ፣ በአንኮበር በኩል ወዳለችው ጎረቤላ የሄደው፣ ተመለሰብን። "አይገጠምም" ይላል ደብዳቤው። ሳየው ዳዶዎቹን ማጥበቂያ ባለ አሥራ ሦስት ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ የለም። ለካ ቁልፉ ሁልጊዜ ግድግዳችን ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚያየኝ፣ ጎረቤላም ግድግዳ ሁሉ ቁልፍ የሚያበቅል መስሎኛል። ቁልፉን ሰባተኛ ብዬ ጽፌ ጨምሬ ላክሁ። እንደገና ደብዳቤ መጣ። "ተገጥሟል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ እንዝርቱ ግን አይነቃነቅም" ይላል። አሁን እኔ ተቆጣሁ። "የመርገጫ አረጋገጣችሁን አሻሽሉ" ብዬ ጻፍኩላቸው። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ እሷን ዓረፍተ ነገር መልሼ ብውጣት ደስ ይለኛል።

መልሱ በደብዳቤ አልመጣም። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ጠዋት አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ፤ ከጭነቱ ላይ መጀመሪያ ሣጥኑ ወረደ፣ ቀጥሎ ነጠላዋን አጥብቃ የታጠቀች ረዥም ሴት ወረደች። የጎረቤላ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። የቄስ ልጅ ናት፣ የቄስም ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት በጠጉር ፈትል የምትተዳደር። ዕድሜዋ ከእናቴ ያንሳል፣ ከእኔ በጣም ይበልጣል። እትዬ አልኳት፤ በዚያው እትዬ ሆና ቀረች።

"ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"ነኝ፣ እትዬ።"

"እግሬን አምጥቼልሃለሁ። አረጋገጡን አስተካክልልኝ።"

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ከዚያ ተቀመጠችና ነገሩን ነገረችን። ማኅበሩ አሥራ አንድ ሴቶች አሉት፤ የሚበዙት ባል የሌላቸው። የሚፈትሉባት አንዲት ቤት አለቻቸው። የገበሬ ማኅበሩ ደግሞ ቤቲቱን ለማዳበሪያ መጋዘን ፈልጓታል። "እስከ ሰኔ ሚካኤል መሣሪያው ሲዞር ካላየን ቤቱን ለቃችሁ ትወጣላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ሣጥን መጣ ብላችሁ አታልላችሁናልና አሁን የወርክሾፑ ማኅተም ያለበት፣ 'በሣጥኑ ውስጥ ባለው ዕቃ ብቻ ይሠራል' የሚል ወረቀት አምጡ" ብለዋቸዋል።

"ከወጣን የምንገባበት የለም" አለች። "በየቤታችን እንዳንፈትል የሁላችንም ቤት በጭስና በልጅ የተሞላ ነው። ማኅበሩ በዚያው ፈረሰ ማለት ነው።"

ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩት። ሥራ አስኪያጃችን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ስለ ኋላ ቀር ልማድ የሚያስተምር ሰው ነበር። "ጓድ ካፖ" አለኝ፣ "ሁለት ጊዜ ለተመለሰ ዕቃ እንዲሁ ማኅተም አላደርግም። ሲሠራ በዓይኔ ካየሁ አደርጋለሁ።"

ቀላል ነው ብዬ ሄድኩ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ በእትዬ ፊት ገጣጠምኩት፣ ሲባጎ እንደ ልማዴ ከመጋዘኑ ጥቅል ቆርጬ አምጥቼ አሰርኩለት፣ ረገጥኩት። እንዝርቱ እንደ ንብ ጮኸ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ዞርኩ፤ ጭብጨባ እየጠበቅሁ።

እትዬ አላጨበጨበችም። መሣሪያውን ዞራ አየችው፣ ወረቀቴን አነሣች፣ በጣትዋ ተራ ቁጥሩን አንድ በአንድ ወረደች።

"እዚህ ሁልጊዜ ይሠራል" አለች። "የማይሠራው እኛ ጋ ነው። እዚህ ወረቀት ላይ መንኮራኩር አለ፣ መርገጫ አለ፣ ቁልፍም ጨምራችኋል። አንተ ግን የለህም። አንተን ስምንተኛ ብለህ ጻፍና ከሣጥኑ ጋር ተጫንልኝ፤ ወይም አንተ ሳትኖር አሠራው።"

ሰው ሲሰድበኝ ብዙ ጊዜ የሚገባኝ ማታ አልጋዬ ላይ ነው። ይህ ግን እዚያው ቆሜ ገባኝ። ወርክሾፑ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ግድግዳው ላይ ይሁን፣ ወለሉ ላይ ይሁን፣ እጄ ላይ ይሁን አላውቅም፤ መሣሪያው ግን እሱን ተደግፎ ነው የሚዞረው። ምን እንደሆነ በማሰብ አላገኘውም፤ ለምጄዋለሁና አላየውም። እንግዲያው ሁሉንም ነገር ማንሣት ነው። እስኪገኝ ድረስ አልተውም አልኩ። ስለ ቤቲቱ ብዬ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ስለ ወረቀቴ ነው።

ከግቢው ጥግ አንዲት የከሰል ቤት ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ከሰሉን አስወጣን፣ ወለሉን ጠረግን፣ ግድግዳው ላይ የነበሩትን ምስማሮች ሳይቀር ነቀልን። ባዶ። ከዚያ ሕግ አወጣሁ፦ ከሣጥኑና ከወረቀቱ በቀር ምንም አይገባም። መሣሪያውን የምትገጥመው እትዬ ናት። የሚገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ይፈተሻል።

ፍተሻውን የሰጠሁት ለዘበኛችን ነው። በጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ማዕረጉን እንደ ስም ነበር የምንጠራው። የሠራተኛውን ኪስ ሲወጣ የሚፈትሸው እሱ ነው፤ ዳዶ እንዳይወጣ፣ ምስማር እንዳይወጣ። አሁን ሲገባ ፈትሽ ስለው ግራ ገባው።

"ካፖ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርቅ ሌባ አይቼ አላውቅም" አለ።

"አለ" አልኩት። "እኔ ሳልሆን አልቀርም።"

መጀመሪያ እትዬን ስትገባ መቀነቷን አስፈታት፤ ወረንጦ ተገኘባት፣ ተቀማች። ቀጥሎ እኔን። ከቀኝ ኪሴ እርሳስ፣ ከግራው ሁለት ዳዶ፣ አንድ ቆዳ፣ አንድ የማላውቀው ቁልፍ አወጣ። እጁ ወደ ኮቴ የውስጥ ኪስ ሲደርስ ግን የጋለ ብረት እንደነካ ተመለሰ። "ግባ" አለኝ። እኔም ልብ ሳልል ገባሁ።

እትዬ ወረቀቱን እያነበበች ገጠመች፤ እኔ ዕቃውን ከሣጥኑ እያነሣሁ አቀበልኩ። ሲባጎው ወለሉ ላይ በከሰል ብናኝ እንዳይቆሽሽ ብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ተራው ሲደርስ ሰጠኋት። አሰረች፣ ረገጠች። እንዝርቱ ጮኸ!

"ይኸው!" አልኩ። "በባዶ ቤት! በሣጥኑ ዕቃ ብቻ!"

"ትናንትም እንዲህ ብለሃል" አለች እትዬ። ሲባጎውን ፈትታ ወደ ጎን አስቀመጠችው። "አሁን አንተ ውጣ። ከሣጥኑ መለዋወጫውን ሲባጎ ስጠኝና በሩ ላይ ሆነህ እጅህን ወደ ኋላ አጣምር።"

ወጣሁ። ሥራም ያሞቃልና ኮቴን አውልቄ ውጭ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። እትዬ አዲሱን ሲባጎ አሰረች፣ ረገጠች። መንኮራኩሩ ዞረ። እንዝርቱ ቆሞ ቀረ። ሲባጎው እላዩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ እሱ ምንም አልመሰለውም።

እኔ ዘለልኩ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። "አልሠራም! አልሠራም!"

"ካፖ አብዷል" አለ ሃምሳ አለቃው።

እትዬ ግን ገብቷታል። ከዚያ ቀን በፊት ስትስቅ አላየኋትም። "እንኳን ደስ ያለህ" አለች፣ "አሁን ጎረቤላ ደርሰሃል።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ግልጽ ነው፤ ውጭ ያስቀረነውን አንድ በአንድ እያስገባን ማየት ነው። የግራሶውን ጣሳ አስገባን፤ እንዝርቱ አልዞረም። አወጣነው። የከሰል ምድጃ አስገብተን ክፍሉን አሞቅነው፤ ምንም። አወጣነው። መዶሻውን፣ የማላውቀውን ቁልፍ፣ ቆዳውን፤ ምንም፣ ምንም፣ ምንም። እኔን በሸሚዝ አስገቡኝ፤ በገዛ እጄ አሰርኩ፣ በገዛ እግሬ ረገጥኩ። እንዝርቱ አላወቀኝም። በልቤ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ብቃት ነው ብዬ የኖርኩት ነገር የእኔ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ይህን ስናደርግ ጫጫታው ሥራ አስኪያጁን አመጣው። በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ። "ቀጥሉ" አለ።

"የቀረን ኮቱ ነው" አለች እትዬ።

"ኮቱ ይቅር እትዬ" አለ ሃምሳ አለቃው ቶሎ ብሎ። "ኮት ምን ያደርጋል? ጨርቅ ነው።"

ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆም እላለሁ። አንዲት ጧፍ አበራለሁ፣ እናቴን በሕይወት ያኑርልኝ እላለሁ፣ ጧፏን አጥፍቼ ቁራጯን ኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። ክበብ ላይ ደግሞ ስለ ኋላ ቀር ልማድ፣ ስለ ጧፍና ስለ ጸሎት ማለት ነው፣ የተጻፈውን ለሠራተኛው ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ፤ ድምፄ ጥሩ ነው ተብዬ ተመርጬ። ጧፏ እኮ ሳነብ ደረቴ ላይ ትሞቃለች። ከመጋዘን የቆረጥኩትን ሲባጎ ሁሉ የምከተው እዚያው ኪስ ነበር፤ ካፖ እጁን ባዶ አድርጎ ሲሄድ ያምርበታል ብዬ። የደረቴ ሙቀት ሰሙን ያለሰልሳል፣ ሰሙ ሲባጎውን ይቀባል፣ የተቀባው ሲባጎ እንዝርቱን ጨብጦ ያዞራል። ለጎረቤላ የተላከው ሲባጎ ግን ከጥቅሉ በቀጥታ ወደ ሣጥን የገባ ደረቅ ነበር። ሃምሳ አለቃው ደግሞ በዚያው ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ነውና ኪሴ ውስጥ ያለውን ያውቃል፤ ለእኔ ብሎ ሳይፈትሽ አሳለፈኝ።

እትዬ የመጀመሪያውን ሲባጎ ከወለሉ አንሥታ አሸተተችው። የቄስ ልጅ ናት፤ ያንን ሽታ በእንቅልፏም አትስተውም። ሥራ አስኪያጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሲባጎውን በጭብጧ ሸሸገችው። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በዝግታ እንዲህ አለችኝ፦

"ልጄ፣ መሣሪያው ብልሹ ነው ብዬ እሄዳለሁ። ለእኔ ብለህ እሳት እንዳትገባ።"

"ቤቱስ?" አልኳት።

"ቤት ነው" አለች። ቤት ብቻ አለመሆኑን ከነገረችኝ ገና አንድ ቀኑ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ በሣጥኑና በወረቀቱ ብቻ ሲሠራ ካላየ ማኅተም የለም። ማኅተም ከሌለ ቤቲቱ የለችም። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በሕጌ በዚያ በር አይገባም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ በሕይወቴ ጠንከር ያለ ሕግ ያወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ የያዘውም እኔኑ።

ኮቴን ከአጥሩ አወረድኩ፣ ለበስኩት፣ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ፈትሽ።"

"ፈትሼሃለሁ።"

"የውስጡን ኪስ።"

"የውስጡ ኪስ ቀዳዳ ነው፣ ካፖ።"

"እንግዲያው ቀዳዳውን ፈትሽ።"

እጁን ሲሰድ እንደ ጎበዝ ወታደር ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና። ሦስት የጧፍ ቁራጭ አወጣ። በመዳፉ ላይ አድርጎ ማን እንደሚቀበለው ግራ ገባው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ሰም ነው፣ ጓድ" አልኩ። ድምፄ፣ ያ በክበብ የተመረጠው ድምፄ፣ እንደ ጫጩት ነበር። "በዝርዝሩ ላይ መጻፍ የነበረበት ስምንተኛ ዕቃ ነው። ሳላውቀው ከኪሴ እያዋስኩት ነው መሣሪያው ሲሠራ የኖረው።"

እትዬ አልጠበቀችም። አንዷን ቁራጭ ከሃምሳ አለቃው መዳፍ ነጥቃ ገባች፣ ደረቁን ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸችው፣ ረገጠች። እንዝርቱ ጮኸ። እኔ ውጭ ነኝ፣ ኮቴም ከእኔ ጋር ውጭ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ እንዝርቱን አየው። ከዚያ፣ "ሻማ አይሆንም?" አለ። "ሻማ በኅብረት ሱቅ አለ።"

ሻማ አስመጣን፤ በሕጉ መሠረት አዲስ ሲባጎ፣ አዲስ ሙከራ። ሲባጎው ጭራሽ እንደ ሳሙና ሆነ፤ እንዝርቱ ዞር ብሎም አላየን።

"የንብ ሰም ነው የሚይዘው፣ ጓድ" አለች እትዬ ከውስጥ። "ቀፎ ያለው ገበሬ ሁሉ ዘንድ አለ። ጸሎት የማያውቅ ንብም ይሠራዋል።"

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ ማለት አልችልም። አፍንጫው ግን ተነፋ። ወረቀቴን ተቀበለ፣ ለእኔ መልሶ ሰጠኝ። "ጻፈው" አለ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ "፰. የንብ ሰም፣ ሲባጎውን ለመቀባት" ብዬ ጻፍኩ፤ ከወረቀቱ ሁሉ አስቀያሚዋ መስመር እሷ ሆነች። ቢሮው ወስዶ ማኅተሙን አደረገበት። ሲመለስ ቁራጮቹን ሰጠኝና፣ "ኮትህን ቆልፍ፣ ይበርዳል" አለኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። በቀጣዩ ክበብ ግን ከወትሮው እጥፍ የሆነ ንባብ ቆሜ እንዳነብ አዘዘኝ። ቅጣት ይሁን ወይስ ድምፄን ወዶት እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከዚያ ወዲያ ወደ መዘዞም ወደ ደነባም የሄደ ሣጥን ሁሉ ሳይቸነከር በፊት በከሰል ቤቷ አለፈ። ማዘዝ እንኳ አላስፈለገም፤ ሃምሳ አለቃው ሣጥን ባየ ቁጥር ራሱ ተነሥቶ ወለሉን ይጠርጋል፣ መሣሪያ ገጥሞ የማያውቅ ሰው ፈልጎ ያስገባል፣ የገባውን ይፈትሻል። እኔን ሲፈትሽማ አንዳንዴ ኮፍያዬን ገልብጦ ያራግፈው ነበር። ሦስት ጊዜ ሌላ ጉድለት አገኘንበት፤ ሦስቱም የእኔው ናቸው።

ሰኔ ሚካኤል አለፈ። ሰኔው ሳያልቅ የአንኮበሩ መኪና አንድ ሣጥን አወረደልኝ። ያው የጎረቤላው ሣጥን ነው! ደግሞ ተመለሰ አልኩ። ክዳኑን በቁልፉ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው መሣሪያ የለበትም። አንድ ትልቅ ድቡልቡል የተፈተለ ክር አለ፣ ከላዩ ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ከጀርባው በእትዬ እጅ፣ "ማዳበሪያው ሌላ ቤት ተፈልጎለታል፤ እኛ ቤታችን ነን" ይላል።

ገልብጬ ፊቱን አየሁት። ከስምንተኛው ተራ ቁጥር በታች፣ ከእኔ ጽሑፍ በጣም በተሻለ እጅ፣ አንዲት መስመር ተጨምራለች፦

"፱. ካፖ፤ አላስፈለገም።"